ጋሽ ካምቢዮ እና ሁለቴ የወረደው ፍሪሲዮን

ጋሽ ካምቢዮ የተባሉት በከንቱ አይደለም። በደህናው ጊዜ መኪና ሥር በጀርባቸው ተንጋለው፣ ካምቢዮ የሚሉትን ያን የሚያህል የማርሽ ሳጥን ደረታቸው ላይ አስተኝተው፣ ማንንም «እስቲ ያዝልኝ» ሳይሉ ብቻቸውን የሚገጥሙ ሰው ነበሩ። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ከባለቤታቸው በቀር የሚያስታውሰው የለም። እሷም በዚያ ስም የምትጠራቸው ስትናደድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ዘንድሮ እኚህ ሰው ዓይናቸውን ታመሙ። ሐኪሙ የአንዱን ዓይን ሞራ ገፈፈና ሌላውን በኋላ እንሠራዋለን አለ። ብርሃኑስ ተመለሰ፤ ርቀት መለየቱ ግን አልተመለሰም። ብርጭቆ ለማንሳት እጃቸውን ሲሰዱ ከብርጭቆው ወዲህ አየር ይጨብጣሉ። አየር የሚጨብጥ እጅ ቡሎን እንዴት ይይዛል? ጋራዡ ተዘግቶ ሰነበተ፤ ጎረቤታቸው ላሜራ ሠሪውም ቦታውን ለመከራየት ማሰፍሰፍ ጀመረ። በመጨረሻ ጋሽ ካምቢዮ ለባለቤታቸው ቁርጡን ነገሯት።

«አንድ ሥራ እሞክራለሁ። ከተበላሸ ቁልፉን ለላሜራ ሠሪው ሰጥቼ አርፌ እቀመጣለሁ።»

እሷ ግን አርፈው ሲቀመጡ ምን እንደሚመስሉማ አይታዋለች፤ ያላፈሰሰ ቧንቧ ሲፈቱና ሲያስሩ ነው የሚውሉት።

ሥራው ከቤት መጣ። የልጃቸው ባል አንዲት ቀይ፣ ሆዷ መሬት የሚልስ፣ ለፍጥነት የተሠራች መኪና አለችው። ጋሽ ካምቢዮ ያገባው ልጄን ይሁን መኪናዋን ገና አልለየሁም እያሉ ይቀልዱበታል። ታዲያ ነዳጅ ሲሰጣት ሞተሯ ይጮሃል እንጂ እሷ ንቅንቅ አትልም፤ ዳገት ላይማ የተቃጠለ ሽታዋ ሰፈሩን ያስነጥሳል። የሞተሩን ጉልበት ለካምቢዮው የሚያቀብለው ፍሪሲዮኗ መንሸራተት ጀምሯል። አማቻቸው የሆነው ይህ ልጅም ፋብሪካው ከገጠመላት የበረታ፣ በተለመደው ሸራ ፋንታ ሸክላ መሳይ ጠንካራ ቁራጭ የተለጠፈበት ዲስክ ገዝቶ መጣ።

አጀማመሩ ደህና ነበር። ዓይን ቢያታልል እጅ መንገዱን ያውቃል፤ ቡሎኖቹን በዳሰሳ ፈቱ፣ ካምቢዮውን በክሪክ አወረዱ። አዲሱ ዲስክ ሁለት ፊት አለው፤ አንደኛው የግድ ወደ ሞተሩ መዞር አለበት። ከተገለበጠ ያ ሁሉ ብረት እንደገና ይወርዳል። ልክ ዲስኩን በእጃቸው ይዘው ሳለ ላሜራ ሠሪው በር ላይ ብቅ ብሎ ዓይናቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቀ። ካንተ ዓይን ይሻላል አሉትና ተናደው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ካምቢዮው ተገጥሞ አልቆ ልጁ መኪናዋን አስነሳ። አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፔዳሉን ሲለቅ መኪናዋ ብርድ እንደያዘው ሰው ተንዘፈዘፈች። ጋሽ ካምቢዮ ወዲያው ዲስኩ ትዝ አላቸው። የትኛውን ፊት ነበር ወደ ሞተሩ ያዞርኩት? ቢያስቡ፣ ቢያስቡ አልመጣላቸውም። የመጣላቸው የላሜራ ሠሪው ፊት ብቻ ነው። ልጁ «አባባ...» አለና ተወው።

«አጥፋውና ውረድ» አሉት።

መኪናዋ ሥር ያነጠፉት ካርቶን ላይ ተመልሰው ተንጋለሉ። ቡሎኖቹን እንደገና ፈቱ። ካምቢዮው ከሞተሩ ሊላቀቅ ሲል፣ በዕድሜያቸው ብለውት የማያውቁትን ቃል ቀስ ብለው አወጡት።

«እስቲ ያዝልኝ።»

ልጁ በዚያ ንጹሕ ሸሚዙ አጠገባቸው ገብቶ ተኛና ያዘ።

ዲስኩ ወጣ። ጋሽ ካምቢዮ በባትሪ አዩት፤ ዓይናቸውን አላመኑም፤ ጨፍነው በጣታቸው ዳሰሱት። ወደ ሞተሩ የዞረው ፊት ትክክለኛው ነው። ከመጀመሪያውም ትክክል ነበር! አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። ጭንቅላታቸውን ካርቶኑ ላይ ጥለው እፎይ አሉ። ግን እንግዲያው ምን አንዘፈዘፋት?

«አባባ» አለ ልጁ ፈራ ተባ እያለ፣ «የሸጠልኝ ሰውዬ ዲስኩ እስኪለማመድ ድረስ ያንቀጠቅጣታል፤ መጀመሪያ ላይ ዝግ ብለህ ንዳት ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«ለእርስዎ? እኔ? ስለ ፍሪሲዮን?»

ሊቆጡት አፋቸውን ከፈቱና ሳቅ ቀደማቸው። ከዓይናቸው ሕክምና ወዲህ ሰው ሁሉ ቃል ሲመርጥላቸው ከርሟል። እሳቸውም ብሰው አንድን ሰው እንኳ «እስቲ እይልኝ» አላሉም። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ይሉኝታ እንዳላይብህ ብለው አስጠነቀቁትና ካምቢዮውን አብረው መለሱ። ልጁም መኪናዋን ሙሽራ እንደጫነ ሰው ዝግ ብሎ እየነዳ ሰፈሩን ሲዞር ዋለ። አመሻሹ ላይ መንዘፍዘፏ እየቀነሰ መጣ። ዳገቱንም ያለ አንዳች ሽታ ወጣችው።

ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው ፊታቸውን ማንበብ አቅቷት መጠየቁን ፈራች። ጋሽ ካምቢዮ ግራሶውን ከጥፍራቸው ሥር እየፈተጉ ታጠቡ፤ ፎጣውንም አንድ ጊዜ አየር ጨብጠው በሁለተኛው አገኙት።

«ነገ በጠዋት ቀስቅሺኝ» አሏት። «ሥራ አለኝ።»

እሺ አለችና እናታቸው ባወጡላቸው ስም ጠራቻቸው። አልተናደደችም።