በሰላም ውስጥ ያለች ላም

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ መኮንን ቀይ እስክሪብቶ ሰጡኝና መስኮቱ አጠገብ ያለውን ወንበር አሳዩኝ። የጋዜጣው ዋና አራሚ እሳቸው ነበሩ። ከእሳቸው ሥር ሁለት ከፍተኛ አራሚዎች ነበሩ፤ ከእነሱ ሥር ደግሞ እኔ፣ ተራ አራሚዋ። ከሰበታ በጠዋት ተነስቼ፣ ዓለምገናና አየር ጤና ላይ ታክሲ ቀያይሬ ስለመጣሁ ጫማዬ በጭቃ ተለውሶ ነበር። አይተው እንዳላዩ አለፉኝ።

ዜናውን አረምኩ፤ ማስታወቂያውን አረምኩ። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ገጽ ፕሩፍ መጣልኝ። ፕሩፍ የምንለው ጋዜጣው ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ለእርማት የሚወጣውን ቅጂ ነው። ገጹ ላይ መስቀለኛ ቃላት ነበረበት፤ ባዶ ሳጥኖች፣ ከሥራቸው «ወደ ጎን» እና «ወደ ታች» የሚሉ ፍንጮች።

«ይህን ፍቺው» አሉኝ ጋሽ መኮንን።

«መልሱ አብሮ አልተላከም እንዴ?»

«ተልኳል፤ እኔ ጋ ነው። መልሱን እያየሽ ካረምሽ ፊደሉን ብቻ ነው የምታርሚው። አንባቢ ቤቱ ቁጭ ብሎ እንደሚፈታው ፍቺው። ከዚያ እናስተያያለን። ካልተገናኘን አንድ የተሳሳተ ሰው አለ።»

ፈታሁት፤ ሁለት ቦታ ላይ አልተገናኘንም። ሁለቱም ቦታ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዕለቱን መስቀለኛ ቃላት መፍታት የኔ ድርሻ ሆነ። ከፈታሁ በኋላ ፕሩፉ ጥግ ላይ እፈርማለሁ። ፊርማዬ «ይህ ይፈታል፤ መልሱም አንድ ነው» ማለት ነበር።

የመስቀለኛ ቃላቱ አዘጋጅ ኦቦ ደቻሳ ይባላሉ። የቡራዩ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ወደ ገፈርሳ ሲወጣ ነው። አባታቸውም አያታቸውም እዚያው ያረሱ ናቸው። እሳቸው ደግሞ አማርኛ አስተማሪ ሆነው ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ ወደ እርሻቸው ተመልሰዋል። ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን እንቆቅልሾች ይዘው ራሳቸው ይመጣሉ። ለዕለት ተዕለቱ የሚሠሩት ቀላሉን ነው፤ የቅዳሜው ግን አንድ የቃላት ጨዋታ ተይዞ ዙሪያውን የሚሠራ ነበር። አንድ ሳምንት ተገልብጠው ሲነበቡ ሌላ ቃል የሚሆኑ፣ ሌላ ሳምንት ሲጠብቁና ሲላሉ ትርጉማቸው የሚለወጥ ቃላት።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። አንድ ቅዳሜ «ቀን ያርስልኛል፤ ማታ እዘጋዋለሁ» የሚል ፍንጭ ጻፉ። ሁለት ነገር የተደባለቀ መሰለኝና ሁለተኛውን ግማሽ በቀይ ሰረዝኩት። ጋዜጣው በወጣ ማግስት ስልክ ተደወለ።

«አካም ጂርታ፣ ኢንተላ ኮ? እንዴት ነሽ፣ ልጄ? በሬዬን ያረድሽው አንቺ ነሽ?»

«የምን በሬ?»

«በሬ ያርሳል። በሬ ደግሞ የራሴ በር ነው፤ ማታ እዘጋዋለሁ። አንድ ቃል፣ ሁለት ሥራ። አንቺ ግማሹን ቆርጠሽ ተራ በሬ አደረግሽብኝ።»

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። «ሁለተኛ ስትጠራጠሪ ደውይ። እኔ የትም አልሄድ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስጠራጠር እደውላለሁ፤ ሰኞም ሲመጡ አጠገቤ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።

ሰበታ ላይ አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረው። ቅዳሜ ጠዋት ጋዜጣው ባንኮኒው ላይ ይዘረጋል። ከተጂ ገበያ እህል ጭነው የመጡ ሾፌሮች፣ የጎረቤት ነጋዴዎች፣ ጨርቅ ሊገዛ የገባ ሁሉ አንገቱን ያስገባል። አባቴ ይጠራኛል።

«ሰሚራ፣ ሰባት ወደ ታች ምንድን ነው?»

«አልነግርህም አባ። የሥራ ምስጢር ነው።»

«አላህ ያሳያችሁ! ያሳደግኳት ልጅ ለአባቷ አንድ ቃል ትነፍጋለች» እያለ ለሾፌሮቹ ይከሰኛል። ቃሉን ያገኘ ቀን ግን ደንበኛውን ትቶ ያጨበጭባል።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ማስተር ፕላን የሚባለው ዕቅድ አዲስ አበባን ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር ሊያያይዝ ነው ተባለ። ገበሬው «መሬቴ ሊሄድ ነው» አለ፤ ተማሪው ወጣ። መንገዱ በድንጋይና በግንድ ተዘጋ። ተኩስ ተሰማ። እኛ ሰፈር የለቅሶ ድንኳን ተተከለ፤ ሟቹ ትናንት ሱቅ ውስጥ ያየሁት ልጅ ነበር። በማግስቱ ቢሮ ገብቼ «ጥቂት ግለሰቦች በፈጠሩት ሁከት» የሚል ዜና አረምኩ። ፊደሉ ትክክል ነበር። ሌላውን ማረም የኔ ሥልጣን አልነበረም።

በዚያው ሰሞን የኦቦ ደቻሳ የቅዳሜ እንቆቅልሽ ደረሰኝ። ርዕሱ «ከብቶቹ የት ገቡ?» ይላል። ጨዋታው ቀላልና የሚያምር ነው፤ በየቃሉ ውስጥ አንድ የቤት እንስሳ አለ። «ሁሉም ይመኛታል፤ ከኋላዋ የምትታለብ አለች» ይላል አንዱ ፍንጭ። መልሱ ሰላም ነው፤ «ሰ»ን ብትተዋት ላም ትቀራለች። «ሳይወዱ፤ ከፊቱ ለበዓል የሚታረድ አለ» ይላል ሌላው። በግድ። «አራሽ፤ የመጀመሪያውን ብትቆርጥ ሞፈር የሚጎትት ይቀርሃል» ይላል ሦስተኛው። ገበሬ።

ፈታሁት። ፈረምኩበት። ቅዳሜ ወጣ።

ያን ቅዳሜ ተረኛ ሆኜ ቢሮ ገብቼ ነበር፤ ጠዋት ዋና አዘጋጃችን አቶ ብርሃኑ ጋዜጣውን እንደያዙ እርማት ክፍል ገቡ። እሳቸው የለየላቸው የመስቀለኛ ቃላት ሱሰኛ ነበሩ። ግቢ ውስጥ መኪናቸው ቆሞ ሞተሩ ጠፍቶ ለብዙ ጊዜ ካልወረዱ፣ እየፈቱ እንደሆነ ዘበኛው ሳይቀር ያውቃል።

«ገ-በሬ!» አሉ እየሳቁ። «ሰ-ላም! ይኼ ሰውዬ ጉድ ነው እኮ! ላሟን ሰላም ውስጥ አሰራት!» ጋሽ መኮንንም እኔም አብረን ሳቅን። በእጃቸው ያለው ገጽ ሙሉ በሙሉ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሞልቶ ነበር። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰኞ ኦቦ ደቻሳ አልመጡም። መንገድ ተዘግቶባቸው ይሆናል ብዬ ደወልኩ፤ ስልካቸው አይሠራም። ማክሰኞ ረፋድ ላይ አቶ ብርሃኑ ቢሮ ተጠራሁ። ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ተቀምጠዋል። ከየት እንደመጡ አልነገሩኝም፤ የአቶ ብርሃኑ አቀማመጥ ተለውጦ ሳይ ግን የደኅንነት ሰዎች መሆናቸው ገባኝ። ጠረጴዛው ላይ የቅዳሜው ገጽ ተዘርግቷል። ሦስት ቃላት ተከበዋል።

«ገበሬ፣ ሰላም፣ በግድ» አለ አንደኛው። «ይህን የፈታሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«መልእክቱ ምንድን ነው?»

«መልእክት የለውም። በሬ፣ ላምና በግ ናቸው።»

«እኔን ታሾፊብኛለሽ?»

ገጹን ወደ ሰውየው አዞርኩት። የመጀመሪያውን ፊደል በጣቴ ሸፈንኩና በሬውን አሳየሁት። ላሟን አሳየሁት። በጉን አሳየሁት። ሰውየው ቃሉን ሳይሆን ጣቴን ነበር የሚያየው።

«ገበሬን ቁረጥ ይላል እኮ። አንብቢው። በዚህ ሰዓት ገበሬን ቁረጥ ማለት ምን ማለት ነው?»

«የመጀመሪያውን ፊደል ቁረጥ ነው የሚለው። የቃላት ጨዋታ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጻፈው። አቶ ብርሃኑም ያውቁታል።» ወደ እሳቸው ዞርኩ። «ቅዳሜ አብረን ስቀናል።»

አቶ ብርሃኑ መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። «እኔ ያን ገጽ አላነብም» አሉ።

ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል። አቶ ብርሃኑ ይህን ያሉት ተደብድበው አይደለም፤ ማንም እጁን አላነሳባቸውም። ወንበራቸው ላይ ተደላድለው፣ ሻያቸው ከፊታቸው እየጨሰ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ኦቦ ደቻሳን ሸጡ። በሬውን ያዩ ሰው ነበሩ። እንግዶቹ ደግሞ ከእኔ ይልቅ የዋና አዘጋጅን ቃል ነበር የሚሰሙት። «አዎ፣ ጨዋታ ነው፤ እኔም ፈትቼዋለሁ» ቢሉ ምን ይጎድልባቸው ነበር?

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺም ራስሽን አውጪ» አሉኝ። «ፊደል ብቻ ነው የማየው፣ አዘጋጁ ምን ሊል እንደፈለገ አላውቅም በዪ። በቃ።»

«አውቃለሁ እንጂ። እሱን ማወቅ ነው ሥራዬ።»

«ሰሚራ፣ ልጅ አትሁኚ።»

«እኔ አላውቅም ካልኩ፣ እርስዎም አላነብም ካሉ፣ ኦቦ ደቻሳ የጻፉት ነገር ምስጢር ሆነ ማለት ነው። ምስጢር የምናደርግባቸው እኛ ነን።»

በሩን አሳዩኝ።

በማግስቱ ቡራዩ ሄድኩ። ታክሲዎቹ አሸዋ ሜዳ ላይ ቆሙ፤ ከዚያ ወዲያ አንሄድም አሉ። በእግሬ ቀጠልኩ። የተቃጠለ ጎማ ጥቁር ክብ አስፋልቱ ላይ ታትሟል። የኦቦ ደቻሳ ባለቤት አዴ ጫልቱ ከባሕር ዛፉ አጥር ሥር ቆመው አገኘኋቸው።

«ኮቱ፣ ግቢ» አሉኝ እጄን ይዘው።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እንደወሰዷቸው ነገሩኝ። ቤቱ ተበርብሮ መዝገበ ቃላቱ ሁሉ ተጭኗል። ስንቅ ይዘው ሲሄዱ አንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ይልካቸዋል።

«አንቺ ጋዜጣው ቤት አይደለሽ?» አሉኝ። «ለሰዎቹ ንገሪልኝ። እሱ ተቀምጦ ቃል ሲሰነጥቅ ነው የሚውለው። ሰው አይነካም።»

«ነግሬያለሁ።»

«አለቃሽስ?»

አዴ ጫልቱ ፊቴን አዩ፤ ደግመው አልጠየቁኝም።

ጋዜጣው ባዶ ገጽ አልወደደም። ከኢንተርኔት የተወሰደ የፈረንጅ እንቆቅልሽ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ መጣልኝ። ፍንጮቹ ስለማናውቃቸው ወንዞችና ስለማንበላው ዓሣ ይጠይቃሉ። አንብቤ «አይፈታም» ብዬ ጻፍኩበት፤ አልፈረምኩም። ታተመ። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ምክንያቱ «ሥራን ማስተጓጎል» ይላል። ጋሽ መኮንን ደብዳቤውን አንብበው፣ «ሰረዙ ያለቦታው ገብቷል» አሉና መለሱልኝ። በዚያ ሁሉ ሳምንት የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

ዕቅዱ ቀርቷል ተባለ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ኦቦ ደቻሳ ተለቀቁ። ክስ የለ፣ ይቅርታ የለ፤ «ሂድ» ብቻ ነው ያሏቸው። መዝገበ ቃላቱም አልተመለሰላቸውም።

አንድ ሰኞ ጋዜጣው በር ላይ መጡ። ከስተዋል፤ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። አብሬያቸው አቶ ብርሃኑ ጋ ገባሁ። አቶ ብርሃኑ ተነስተው አቀፏቸው፤ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት አሉ። ቀጥለውም፣ «ሥራዎን መቀጠል ይችላሉ። ስምዎ ግን ለጊዜው አይወጣም። ደግሞ አንዳንድ ቃላት ባይገቡ ይመረጣል» አሉ።

«የትኞቹ?»

«መሬት፣ ገበሬ፣ ካርታ፣ ድንበር... እንዲህ እንዲህ ያሉት። ሰላምም።»

«ሰላምም?»

«ለጊዜው ነው፣ ኦቦ ደቻሳ።»

ኦቦ ደቻሳ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አነሱ። «እንግዲያው ስወጣ ምን ብዬ እሰናበትሃለሁ?» አሉና ወጡ።

እስከ ታክሲው ሸኘኋቸው። ሌላ ጋዜጣ እንፈልግ፣ እኔ እፈታለሁ፣ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሞክሬያለሁ፣ ኢንተላ ኮ። ፍንጭ ስጽፍ ያ መርማሪ ትከሻዬ ላይ ቆሞ ያነባል። ምን ማለትህ ነው ይለኛል። እኔም እመልስለታለሁ። ፍንጭ ተብራርቶ ከተጻፈ ደግሞ ፍንጭ አይደለም።»

«አንቱ ካልሠሩ ማን ይሠራል?»

«እንጃ። እኔ አርሳለሁ።»

ከዚያ በኋላ አንድም አልሠሩም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እስር ቤቱ ለቀቃቸው፤ እጃቸው ግን አልተለቀቀም። ቅዳሜ ቅዳሜ የአባቴ ባንኮኒ ላይ ጋዜጣ መዘርጋቱ ቀረ። ሾፌሮቹ «ምነው?» እያሉ ሰንብተው ተዉት። እኔም ወሩ ሳያልቅ መልቀቂያ አስገባሁና መጻሕፍት የሚያሳትም ድርጅት ውስጥ አራሚ ሆንኩ። እዚያው ከፍተኛ አራሚ፣ ኋላም ዋና አራሚ ሆኛለሁ።

አቶ ብርሃኑን ዳግመኛ ያየኋቸው ጋሽ መኮንን ያረፉ ጊዜ፣ ለቅሶ ላይ ነው። እሳቸውም ጡረታ ወጥተዋል። አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«አሁንም ተቀይመሽኛል» አሉኝ።

«አዎ።»

«ያኔ ምን ማድረግ እችል ነበር? ቤተሰብ ነበረኝ።»

«ኦቦ ደቻሳም ነበራቸው።»

«ብናገርስ ይለቁት ነበር?»

«ላይለቋቸው ይችሉ ነበር። ግን እውነቱን የሚናገር ሁለተኛ ሰው ይኖር ነበር። እኔ ብቻዬን ነበርኩ።»

ተነስተው ሌላ ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ።

ዛሬ አዲስ አራሚ ሲቀጠርልኝ ስለ ሰረዝና ስለ አራት ነጥብ ከነገርኩት በኋላ አንድ ነገር እጨምራለሁ። አንብበህ የገባህን ነገር፣ ጠያቂው ማንም ይሁን ማን፣ ገብቶኛል በል። ሌላው ሥራ በጊዜ ይለመዳል።