አንገቱ ላይ ወረቀት ያለው ጠርሙስ

ሰውዬው ሐሙስ ሐሙስ፣ የእማማ ኪኑኤ መጠጥ ቤት ገና ሲከፈት ከች ይላል። ስሙን ማንም አያውቅም። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ የካጎሺማ አገር የዓሣ ጥብስ ያዝዛል፤ የስኳር ድንች አረቄውንም ከመደርደሪያው ያስወርዳል። እዚያ ቤት ደንበኛ ሁሉ ሙሉ ጠርሙስ ገዝቶ እዚያው ያስቀምጣል፤ ስሙንም ጽፎ ጠርሙሱ አንገት ላይ ያንጠለጥላል። የሱ ላይ ያለችው ወረቀት ግን "ሂሳኖ" ትላለች፤ የሴት ስም፣ የሴት እጅ ጽሑፍ።

አንዲት ብርጭቆ ብቻ ይጠጣል።

"አባባ፣ በዚህ አጠጣጥዎ ጠርሙሱ ሁላችንንም ይቀብረናል!" ይለዋል ዓሣ ነጋዴው ሞሪሳኩ።

"አንተንስ ምላስህ ቀድሞ ይቀብርሃል" ይላል ሰውዬው፤ ቤቱ በሳቅ ያውካካል።

ዛሬ ግን አረቄው እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ተንጠፈጠፈ። ሰውዬው ወረቀቷን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ፣ "አዲስ ጠርሙስ ሲከፈት አሮጌው ወረቀት ይጣላል፣ አይደል?" ብሎ ጠየቀ። የቤቱ ደንብ እንደዚያ ነው፤ ያወጣችውም ራሷ ኪኑኤ ናት።

"ምን ላድርግዎ፣ አዲስ እንዳልጽፍ እስክሪብቶ ጠፍቶብኛል" አለችው፣ እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ እንደሰካች። ወረቀቷን ቀስ ብላ ፈታችና አዲሱ ጠርሙስ አንገት ላይ አሰረቻት።