ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ልቅሶ

ካሣነሽ አልቃሽ ናት። በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማና በዙሪያው ገጠር ሰው ሞቶ እሷ ያልደረሰችበት ልቅሶ ካለ፣ ወይ ወንዝ ሞልቶባት ነው፣ ወይ ሟቹ በሕይወቱ ሰድቧት ያውቃል። የሰደባትንም ቢሆን ቤተሰቡ ከለመናት ታለቅስለታለች። ግን ግጥሙ መሐል አንዲት ነገር ሸጉጣ ነው። ዘመድ በልቅሶው ግርግር ልብ አይላትም፤ ቤቱ ገብቶ ነገሩን ሲያብሰለስለው ይገባውና ጥርሱን ይነክሳል። ምንም ሊያደርጋት አይችልም፤ ነገ ሌላ ሰው ይሞትበታል፣ እሷም ታስፈልገዋለች።

ገና ልጅ ሳለች ለአንድ የስማዳ ገበሬ ድረዋት ነበር። ሰውየው አንድ ቀን በአለንጋ ገረፋት። ሁለተኛውን አልጠበቀችም፤ ከወገዳ ገበያተኛ ተከትላ በእግሯ እስቴ ገባች። ሽማግሌ ተላከባት፣ አልመለስም አለች። ቄስ ተላከባት፣ ለቄሱ ወንበር አቅርባ፣ ጉልበት ስማ፣ አልመለስም አለች። ኋላ የወደደችውን ሰው አግብታ ሕሊናንና ፍሥሐን ወለደች። እሱም በሞት ሲለያት ጠላ እየጠመቀች ሁለቱን ብቻዋን አሳደገች። አገሩ ግትር ይላታል። ግትር የሚሏት ግን አንድ ጊዜ ሊገፏት ሞክረው ያቃታቸው ሰዎች ናቸው።

ፍሥሐ እንደ እኩዮቹ ሁሉ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወረደ። ወባ ያዘውና እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀበረ። መርዶው ሲመጣ ሬሳ የለም፤ ስለዚህ እንደ ወጉ ጃኬቱና ፎቶው ወንበር ላይ ተቀምጦ ግቢዋ ውስጥ ልቅሶ ተደረሰ። የዚያን ቀን የእስቴ ሰው ሁሉ የመጣው ለማልቀስ ብቻ አልነበረም። ለሰው ሁሉ ያለቀሰች ሴት ለራሷ ልጅ ምን ትል ይሆን ብሎ ሊሰማም ነው የመጣው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግን እድሩ ሕግ አውጥቶ ነበር። ሙሾ ይቅር፣ ፊት መንጨት ይቅር፣ ልቅሶ ይጠር የሚል። የእድሩ ዳኛ አያ ጌታነህ ክፉ ሰው አይደለም። እህቱ በወንድማቸው ልቅሶ ፊቷን ነጭታ፣ ቁስሉ አመርቅዞባት ስትማቅቅ አይቷል። ካህናቱም ትንሣኤ እንዳለው ሰው አልቅሱ ብለው ሲመክሩት ደስ ብሎት ተቀበለ። ችግሩ ሕግ ያወጣ ሰው ሕጉን የት ላይ ዝም ማሰኘት እንዳለበት አለማወቁ ነው። ካሣነሽ ወንበሩ ፊት ቆማ ጀመረች፤

ሰሊጥ አጭዳለሁ ብሎ የወረደው፣
አፈር ይዞ ቀረ ቆላ የወደደው።

ግቢው ተናወጠ። ቀጠለች፤

የሰውን ሬሳ ሁሉ አልቅሼ ሸኘሁት፣

ሙሾ ሁለት ስንኝ ነው። የመጀመሪያው ሰውን ያስነሣል፣ ሁለተኛው ይመታዋል፤ ሴቶቹ ደረታቸውን የሚደቁት ሁለተኛው ሲወርድ ነው። ጌታነህ እጁን ያነሣው በዚህ መካከል ነው። ይበቃል አለ። ቄሱ ወዲያው ጸሎት ጀመሩ፣ ሰው ሁሉ ቆመ፣ የካሣነሽ ሁለተኛ ስንኝ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ገበሬ ትልሙ መሐል ላይ በሬውን ፍታ ቢባል እንደዚያ ነው የሚሆነው።

ከዚያ ወዲህ ለማንም አላለቀሰችም። ሰው ሲሞት ሄዳ ከሴቶቹ ጋር ትቀመጣለች፣ አፏን አትከፍትም። ሴቶቹ የጎደለውን ስንኝ በየቤታቸው ሊሞሉላት ሞከሩ። ጎረቤቷ አስካለ እንዲያውም አንድ ቀን ጌሾ እየወቀጠች፣ «የልጄን ግን ሳላይ በሩቁ ቀበርሁት ልትይ ነበር አይደል?» ብላ ጠየቀቻት። ካሣነሽ ቀና ብላ አየቻት፤ አስካለም ወደ ጌሾዋ ተመለሰች። ግን ወሬው ተሰማ፤ ስንኙ ይኸው ነው ተብሎ በከተማው ጸደቀ።

እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የልጇን ልቅሶ መጨረስ። ያን ስንኝ ደግሞ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ለብቻ ማለት አይቻልም። ሕዝብ ይፈልጋል፣ የፊተኛው ስንኝ ሰውን አስነሥቶ መስጠት አለበት። አዲስ ልቅሶ እንዳትተክል ደግሞ ተዝካሩ ወጥቷል፤ ለወጣለት ሰው እንደገና ልቅሶ መትከል ነውር ነው። ያ የመጀመሪያው ልቅሶ ራሱ መመለስ ነበረበት።

ያለበትን ታውቅ ነበር። ሠርግ የምትቀርጸው ሀና ልቅሶ ላይ መድረስ ላልቻሉት ዘመዶች ብላ ያን ቀን በካሜራ ቀርጻዋለች። ዳኛው እጁን ሲያነሣ ደንግጣ ካሜራውን ያጠፋችው እዚያው ላይ ነው። ካሣነሽ ስትጠይቃት ቪዲዮውን ፍላሽ ላይ ገልብጣ ሰጠቻት። ደብረ ታቦር የምታስተምረው ሕሊና ደግሞ እናቴ ትርሳው ብላ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ገዝታ፣ ባለሙያ አምጥታ የእንግዳ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አሰቅላላት ነበር። ለመርሻ የመጣውን ቴሌቪዥን እናትየው ለማስታወሻ ፈለገችው። ፍላሹን ቢሰኩበት ግን ቴሌቪዥኑ ቪዲዮውን አላነበበም። ማጫወቻ ያስፈልገዋል ተባለ።

ያን ጊዜ ምክር ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ሕሊና በስልክ ዲሽ ይተከል፣ የዓለሙን ሁሉ ታያለሽ አለቻት። ካሣነሽ የዓለሙ ሁሉ እቤቴ ምን ሊያደርግ ይመጣል፣ የራሴ እንኳ አላለቀልኝም ብላ ስልኩን ዘጋች። አስካለ ዲቪዲ ዴክ ይሻላል አለች። እሱ ደግሞ መደርደሪያ ይፈልጋል፤ ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሥሩ ባዶ ነው፣ ወለሉ ላይ ቢያስቀምጡት ዶሮዎቹ ይወጡበታል። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የምትሸጎጥ፣ ለእሷ ኪስ የማትከብድ ትንሽ ነገር ነው የፈለገችው።

በገበያ ቀን ፍላሿን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ አድማሱ ሱቅ ሄደች። አድማሱ ስልክና ሬዲዮ የሚሸጥ፣ ደንበኛ ለመጥራት የሱቁ በር ላይ ትልቅ ድምፅ ማጉያ አቁሞ ዘፈን ሲለቅ የሚውል ጎልማሳ ነው። መዳፍ የምታህል ጥቁር ማጫወቻ አውጥቶ፣ የዘመኑ እሷ ናት፣ ሁሉን ታነባለች አላት። ካሣነሽ ሳላይ አልገዛም አለች። እሱም ፍላሹን ሰካ።

የሱቁ ቴሌቪዥን ከበሩ ማጉያ ጋር የተያያዘ መሆኑን እሱ ረስቶታል፣ እሷ አታውቅም። «ልጄን! ልጄን!» የሚለው የግቢው ዋይታ ገበያው ላይ ወረደ። በእኛ አገር ልቅሶ የሰማ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው በኋላ ነው። ጤፍ ስትሰፍር የነበረችው መስፈሪያዋን ጣለች፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ «ወንድሜን!» እያሉ ሱቁን ሞሉት። አንዲት ሴት አድማሱን አንገቱን አቅፋ አለቀሰችበት። እሱ «ማን ሞተ?» እያለ ራሱ እንባው መጣ፤ ድምፁ ከራሱ ማጉያ መሆኑን እስኪያስታውስ ድረስ የእውነት ቤተሰቡ ያለቀ መስሎት ነበር።

ይባስ ብሎ ቪዲዮው ሲያልቅ ማጫወቻዋ ቀጥ ብላ ፍላሹ ላይ ወደነበረው፣ ሀና ወደቀረጸችው የሰው ሠርግ ተሻገረች። አልቃሾቹ ደረታቸውን ይዘው ሳለ የሙሽራ ዘፈን ፈነዳ። ካሣነሽ ብቻ አልሳቀችም፣ አልደነገጠችም። ይቺን አልፈልግም አለች።

አድማሱ ሰዎቹን እየለመነ አስወጥቶ፣ ሟርቱን በሱቄ ላይ አመጣችው እያለ በሆዱ፣ ሠርጉን ላጥፋልዎ አላት። አጠፋው። አሁን ደግሞ ልቅሶው ሲያልቅ ከመጀመሪያው ጀመረ። እሱንም አልፈልግም አለች።

«እንግዲያው እትዬ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሪሞቱን ይጫኑና ያቁሙት» አላት።

«በዚያን ሰዓት እጀ ደረቴ ላይ ነው» አለችው።

አድማሱ ላቡን ጠርጎ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣች ሌላ ትንሽ ማጫወቻ አወጣ። ሰው የመለሳት ናት፣ አንዱን ከጨረሰች ወዲያ አትሄድም፣ የመጨረሻውን ምስል ይዛ ድርቅ ትላለች አላት፤ በርካሽ ልትሄድ ትችላለች ግን በኋላ እንዳይረግሙኝ። ድምፁን አጥፍተው ሞከሯት። ልቅሶው ሄደ ሄደና ጌታነህ እጁን ያነሣበት ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጠበቁ። እጁ እንደተነሣ ቀረ።

ካሣነሽ ከገባች ጀምሮ ተቋጥሮ የነበረው ፊቷ የዚያን ጊዜ ተፈታ። ይቺን ጠቅልልልኝ አለችው።

የሱቁ ወሬ ለአያ ጌታነህ ለመድረስ አልዘገየም። ሙት ዓመቱ በቀረበበት ሳምንት ራሱ ቤቷ መጣ። ጠላ ቀዳችለት። የእድሩ ሰዎች ተነጋግረዋል አላት፤ በቴሌቪዥንም ቢሆን ደረት ከተደቃ ልቅሶ ልቅሶ ነው፣ ለአንቺ ከተፈቀደ ነገ ሁሉም ሙሾውን እያስቀረጸ ዓመት ሙሉ ሊያለቅስ ነው። የሚለው ነገር ውሸት አልነበረበትም፤ ካሣነሽም ይህን ታውቃለች። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ካሣነሽ፣ ከእድር ትወጫለሽ። ስትሞች ማን ይቀብርሻል?»

እድር የሌለው ሰው ድንኳን የለው፣ ጉድጓድ ቆፋሪ የለው፣ ወንበር የሚያመጣለት የለው። በዚያ አገር ለሰው ከዚህ የከፋ ነገር አይባልም። ካሣነሽ ጣሳውን ሞላችለት።

«አያ ጌታነህ፣ መንገዳችሁ በደጀ ነው። ሬሳየ እዚሁ ይጠብቃችኋል። ሲሸታችሁ ትቀብሩኛላችሁ» አለችው።

ጠላውን ሳይጨርስ ወጣ። እሷም ብቻዋን ስትሆን ፈራች። የፈራችውን ያህል ግን ተናዳለች፣ ንዴቱ በለጠ።

በሙት ዓመቱ ቀን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ ደረሰ፣ ካህናቱ ቤት መጥተው ጸበል ጻዲቁን ባርከው ቀመሱ፣ የሚመጣውን ያወቁ ይመስላል ቶሎ ተነሡ። ጎረቤቱ ቀረ። ሕሊና ከደብረ ታቦር መጥታ ነበር፤ እናቷን ነገሩን እንድትተወው ልትለምናት አስባ የመጣችውን፣ ፊቷን ስታይ ተወችው። ካሣነሽ ሪሞቱን አነሣች።

ግድግዳው ላይ ግቢው መጣ። ወንበሩ፣ ጃኬቱ፣ የፍሥሐ ፎቶ። ሴቶቹ ራሳቸውን ከዓመት በፊት ሲያለቅሱ አዩና ማልቀሱን ከራሳቸው ተቀበሉት። ቤቱ ሲሞቅ ጌታነህ ከሁለት የእድር ሰዎች ጋር በሩ ላይ ደረሰ። አልገባም፣ አልተመለሰም። ግድግዳው ላይ የካሣነሽ ድምፅ፣ የሰውን ሬሳ ሁሉ አልቅሼ ሸኘሁት አለ። የግድግዳው ጌታነህ ከሕዝቡ መሐል ብድግ ብሎ እጁን አነሣ፣ ማጫወቻዋም እንደ ልማዷ ድርቅ አለች።

ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ የቀረውን እጅ አየና በሩ ላይ ወደቆመው ሰውዬ ዞረ። ጌታነህ በልቅሶው ቀን ያነሣውን የራሱን እጅ ሌሎች ካዩበት ቦታ ሲያየው የመጀመሪያው ነው። አሁን ሁለቱም እጆቹ ጋቢው ውስጥ ነበሩ፣ አላወጣቸውም።

ካሣነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሣች። ሴቶቹ ያችን ዓመት ሙሉ የገመቷትን ስንኝ አፋቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። እሷ ወደ በሩ ዞራ፣ ድምፅዋ ግድግዳው ላይ ከቆመበት ሳይወርድ፣ እንዲህ ብላ ቋጨችው፤

የልጄን ልቅሶ ግን በጉልበት አገኘሁት።

ደረት የተደቃው ያን ጊዜ ነው። አስካለ ጮኸች፣ ከወንድሟ ሞት ወዲህ አንድም ቀን ያላለቀሰችው ሕሊና እናቷ እግር ሥር ወደቀች። የእድሩ ሁለት ሰዎች ራሳቸው ዓይናቸውን በጋቢ ጠረጉ። ካሣነሽ አንድም ተጨማሪ ስንኝ አላለችም። ደረቷን ደቅታ፣ ደክሟት፣ ተቀመጠች።

ልቅሶው ሲበርድ ጌታነህ የበሩን ደፍ አልፎ ገባ። ልቅሶ ላይ የመጣ ሰው ለሐዘንተኛ የሚለውን፣ ዓመት ሙሉ ሳይላት የቀረውን፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ አላት።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ።»

«አሜን» አለችው ካሣነሽ። «አሁን ካሻህ ከእድሩ አስወጣኝ። እኔ ጨርሻለሁ።»