ፕሬትዝልና ዳቦ ቆሎ

ዘመድ ሲደግስላችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልጠየቅሁም። ከጀርመን ጠቅልዬ ካዛንቺስ ወዳለው የወላጆቻችን ቤት በገባሁ በወሩ፣ ታናሽ እህቴ አልማዝ «ቅዳሜ ጎረቤት እንጠራለን» አለችኝ። እንኳን ደህና መጣሽ ሊሉኝ መሰለኝ።

እኔም ከሻንጣዬ ፕሬትዝል አወጣሁ፤ እንደ ቋጠሮ የተጠማዘዘ ደረቅ ብስኩት ነው። በቀለጠ ቅቤ፣ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ ለውሼ ኦቭን ውስጥ እያገላበጥኩ አደረቅሁት። ትሪውን ይዤ ስዞር ግን ማንም አልነካውም።

«ብሉ እንጂ።»

«ኧረ እትዬ፣ ስንቅዎንማ አንነካም» አለች ጎረቤታችን ጽጌ።

«የምን ስንቅ?»

«ይሄ ዳቦ ቆሎ ለመንገድ አይደል እንዴ? ማክሰኞ ወደ ጀርመን ይመለሳሉ ተብለን ልንሸኝዎ ነው የመጣነው።»

ወደ አልማዝ ዞርኩ። የቀረውን ፕሬትዝል በፌስታል እየቋጠረች ነበር።

«ማለቴ… የምትተኚበትን ክፍል ለልጄ ሙሽራ ፈልጌው ነው። አንቺ ደግሞ እዚያ ለምደሻል። ቲኬት አስቆርጬልሻለሁ።»

«እህትማማች አይደላችሁ? በቃ፣ ይቅር ይበሏት» አለች ጽጌ።

አላልኩም። አልማዝንም፣ ሊሸኙኝ ለብሰው የመጡትንም፣ ማንንም ይቅር አልልም።