ግራ እጁ የያዘው ቱቦ

የባሌ ጣቶች ሙቀት መለየት ማቆማቸውን ያወቅሁት በሻይ ነው። ገና ከእሳት የወረደ ሻይ ቀዳሁለት። እንደ ወትሮው ብርጭቆውን በጫፉ ይዞ፣ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዛወረ፣ እፍ እያለ መጠጣት ሲገባው በመዳፉ ጠቅልሎ ያዘውና ስለ መብራት መቆራረጥ የጀመረውን ወሬ ቀጠለ። እኔ በጨርቅ ይዤ ነበር ያቀበልኩት።

«አላቃጠለህም?» አልኩት።

«ምኑ?»

ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ መዳፉ ቀልቶ ነበር። እሱም አየው፣ እኔም አየሁት።

ስኳር ከያዘው ቆይቷል። ሐኪሙ እግርህን ተጠንቀቅ ሲለው ከርሟል፤ ስለ እጁ ያሰበ ግን አልነበረም። የእሱ ሙያ ደግሞ ያለው እጁ ላይ ነው። አቃቂ በሰቃ ውስጥ ኤሲ ይጠግናል። ኤሲ ውስጥ እየዞረ የሚያቀዘቅዝ ጋዝ አለ፤ ጋዙ ከጎደለ ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል እንጂ ቤቱን አያቀዘቅዝም። ምን ያህል እንደጎደለ ለማወቅ ሌላው ባለሙያ የጋዝ ግፊት የሚለካ ጌጅ ይሰካል። ባሌም ጌጅ አለው፣ ግን አይወደውም። «በሰካሽው በነቀልሽው ቁጥር ትንሽ ይተነፍሳል» ይላል። «ትንሽ ማሽን ምን ያህል ጋዝ አላት? ደሟን ልመርምር ብለሽ ደሟን ልትጨርሺ?»

እሱ ቱቦ ይይዛል። ከማሽኑ ሁለት የመዳብ ቱቦዎች ይወጣሉ፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም። ጋዝ በጎደለ ቁጥር ቀጭኑ ከልኩ በላይ ይቀዘቅዛል፤ እሱን በቀኝ እጁ ጨብጦ ዐይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «ሩብ ጎድሏታል» ይላል፤ ወይም «ምንም አልጎደላትም፣ ባለቤቷ ነው ያልተመቸው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው።

እኔ ይህን አሠራር አልወደውም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ካሳደግሁ በኋላ ነው፤ የማታ ትምህርት ስማር እሱ ከነሥራ ልብሱ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። አሁን የምሠራው በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ እሱ ግን ዛሬም «ተማሪዋ» ነው የሚለኝ። ዘግይቼ ስለተማርኩ ይሁን አፈጣጠሬ ሆኖ፣ አንድ ነገር «ቀዝቃዛ ነው» ሲባል አያረካኝም። «ቀዝቃዛ ስንት?» እላለሁ። ስጋና ቲማቲም ስንገዛም እንደዚሁ ነኝ፤ ልጆቻችን ከእኔ ጋር ገበያ መውጣት ካቆሙ ቆይተዋል።

ከዚያ ሻይ በኋላ ጥያቄዬ ጠቀመን። ጣቶቹ ጭርሱን ሳይደነዝዙ፣ የሚያውቁትን ወደ ቁጥር እናውጣው ተባባልን። እሁድ እሁድ ኮዬ ፈጬ ያሉ ደንበኞቹ ዘንድ አብሬው እሄድ ጀመር። እሱ ቱቦውን ጨብጦ «ሩብ» ይላል፣ እኔ ቀጭኑ ቱቦ ላይ አንድ ቴርሞሜትር በፕላስተር አስራለሁ፣ ሌላውን ክፍሉ መሃል እሰቅላለሁ፣ የሁለቱን ልዩነት እጽፋለሁ። ክረምትና በጋ እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ ቱቦ ሳይነካ፣ ሁለቱን ቴርሞሜትሮች ብቻ አይቶ የጋዙን መጠን መገመት ቻለ። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ እንደ ልጅ ሲስቅ አስታውሳለሁ።

የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀት፣ ፓተንት እናውጣበት ያለው እሱ ነው። እኔ ፓተንት የፋብሪካ ነገር ይመስለኝ ነበር።

«ምን ይሠራልሃል?» አልኩት።

«ሰዉ ቱቦ ስይዝ ነው የሚያምነኝ። በቴርሞሜትር ሲያየኝ ሰውዬው አለቀለት ይላል። ወረቀቱ ግድግዳዬ ላይ ከተሰቀለ ግን እጄን የሚጠይቀኝ የለም።»

ነገሩ ይኸው ነበር። እጁ ጡረታ ቢወጣ እንኳ ሥራው አብሮ እንዳይወጣ ፈልጎ ነው። ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩት። «በጣም» የሚለውን ቃል ከሁሉም ቦታ አወጣሁ፣ «ገደማ» የሚለውንም።

ፓተንት የሚመረምረው መሥሪያ ቤት ከጊዜ በኋላ ሁለት ጥያቄ ላከልን። አንደኛው፣ የኤሲው አየር ማጣሪያ ፊልትሮ በአቧራ ሲደፈንም ክፍሉ እንደማይቀዘቅዝና ቀጭኑ ቱቦ ከልኩ በላይ እንደሚቀዘቅዝ ጠቅሶ፣ ዘዴው ይህን ከጋዝ መጉደል በምን ይለየዋል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ዘዴው ከማመልከቻው በፊት ለሌላ ሰው ተገልጿል ወይ፣ በሥራ ላይስ ውሏል ወይ ይላል።

ባሌ አንደኛውን «በኋላ» ብሎ አለፈው። በሁለተኛው ግን ፊቱ በራ።

«ምስክር ነው የሚፈልጉት!»

እኔም ልክ መሰለኝ። መታወቂያ ስናወጣ ምስክር ተብለናል። እኔ ትምህርት ልመዘገብ ዕድሜዬን ለማስረዳት ምስክር ይዤ ሄጃለሁ። ነገርህ እውነት ከሆነ የሚያውቅልህ ሰው አምጣ የማይል መሥሪያ ቤት አላጋጠመንም። የሚያውቅለት ሰው ደግሞ ሞልቶታል። በሰቃ ያሉ ጠጋኞች ምሳ አብረው ነው የሚበሉት፤ አንዱ ጠዋት ያገኘው ዘዴ ከሰዓት የሁሉም ነው። ያገኘውን የደበቀ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ንፉግ ይባላል፣ መፍቻ እንኳ የሚያውሰው አያገኝም።

ሁለት ሰዎች ይዘን ሄድን። አንደኛው የመዳብ ቱቦና መለዋወጫ የሚሸጠው የስልጤ ሰው ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ሱቁን ዘግቶ፣ ኮት ለብሶ መጣ። ሌላው ከባሌ ፊት ለፊት ፍሪጅ የሚጠግነው ጓደኛው ነው፤ እሱና ባለሱቁ ካልተሰዳደቡ ቀኑ አይመሽላቸውም።

መርማሪዋ ወጣት ሴት ናት። አራት ሆነን ስንገባ ደነገጠች፤ ከሌላ ክፍል ወንበር ራሷ ተሸክማ አመጣች።

«ጋሼ፣ እነዚህ ምንዎ ናቸው?»

«ምስክሮቼ ናቸው፣ ልጄ።»

ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ባለሱቁ ግን ቀድሟት ተነሣ። «ወላሂ፣ ይህ ሰው የሠራውን እኔ በዐይኔ አይቻለሁ። ከእኔ ሱቅ ቴርሞሜትር ገዝቶ የማይሄድ ጠጋኝ የለም አሁን! ሁሉም በእሱ ዘዴ ነው የሚሠራው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ኧረ ቆየ!»

ፍሪጅ ጠጋኙ መበለጥ አይወድም። «እሱ ምን ያውቃል፣ ነጋዴ ነው። እኔ ነኝ መጀመሪያ የተማርኩት። ማመልከቻ ምናምን ሳይታሰብ ነው ያሳየኝ፣ ዓመት አልፎታል። የቃሊቲ ጠጋኞችንም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ!»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ያኔ ገባኝ። የሚያበሩ ፊቶቻቸውን አየሁ፣ የእሷንም ፊት አየሁ።

«ጋሼ» አለች፣ «ሕጉ ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ነው። አዲስ ማለት ሰው ያላወቀው ነው። ባለቤቱ ራሱ ቢያሳይ እንኳ፣ ካሳየ ብዙ ከቆየ አዲስ አይባልም። እነሱ የመሰከሩት...» አልጨረሰችውም።

መጀመሪያ የነቃው ፍሪጅ ጠጋኙ ነው።

«እኔ ምንም አላየሁም» አለ። «አሁን ከእናንተ ነው የሰማሁት።»

«እኔም ቴርሞሜትር የምሸጠው ለትኩሳት ነው» አለ ባለሱቁ።

መርማሪዋ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ባሌም ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

«እና ብደብቃቸው ኖሮ ይሰጠኝ ነበር?» አላት።

«ያን ጊዜ እንመረምረው ነበር።»

ጓደኞቹን አያቸው። «ምሳ ማን ያበላኝ ነበር ታዲያ» አለና ተነሣ።

በር ላይ መርማሪዋ ተከትላን ወጣች። ለእኔ ነበር የተናገረችው። «እትዬ፣ ጽሑፉን እርስዎ ነዎት የጻፉት? ጥሩ ተጽፏል። የፊልትሮዋን ጥያቄ ግን ይቅር ብለው እንዳይተዉት። ለእኛ ሳይሆን ለእሳቸው ነው።»

በታክሲው ሁለቱ ምስክሮች እስከ አቃቂ ድረስ አልተሰዳደቡም። ከዚያ በፊት እንዲህ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

ብዙም ሳይቆይ ኮዬ ፈጬ ካለችው ፋርማሲ ተደወለ፤ ኤሲው አያቀዘቅዝም። ቅዳሜ ስለነበር አብሬው ሄድኩ። ቴርሞሜትሮቹን አሰርን፣ ጠበቅን። ልዩነቱ ጋዙ ከግማሽ በታች ነው የሚል ሆነ። ባሌ የጋዝ ሲሊንደሩን ማዘጋጀት ጀመረ። ባለፋርማሲዋ ከመደርደሪያዋ ኋላ ሆና እጁን እጁን ታያለች።

«ድሮ ቱቦውን ይይዙት አልነበር?» አለች።

ባሌ ሲሊንደሩን አንሥቶ ወደ ማሽኑ ሄደ። እኔ ግን ጥያቄዋ የድሮውን እሁድ አመጣብኝ፤ ባሌ እዚሁ ግድግዳ ሥር፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ቀኝ እጁ ቀጭኑ ቱቦ ላይ። እኔ የጻፍኩት የቀኝ እጁን ብቻ ነበር፤ ባሌ የሚያወራው ስለ እሱ ነበርና። ግራ እጁስ?

«ቆይ» አልኩት። «ቀጭኑን በቀኝህ ስትይዝ፣ ግራህ የት ነበር?»

«የት ይሆናል? ወፍራሙን ይዤ ነዋ፣ እንዳልወድቅ።»

«ሁልጊዜ?»

ሲሊንደሩን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። ሁለት እጆቹን ባዶ አየር ላይ አነሣ፣ ቱቦ እንደያዘ ሰው፤ ዐይኑን ጨፈነ። ባለፋርማሲዋ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። ቆይቶ፣ «ሁልጊዜ» አለ። «ጋዝ ሲጎድል ወፍራሙ ይሞቅ ነበር። ተማሪዋ፣ ይሞቅ ነበር እኮ! ሲደፈን ነው ሁለቱም የሚቀዘቅዙት።»

«ይሄኛውስ?»

እጁን ዘረጋ፣ ግን ሳይነካው መለሰው። «አንቺ ያዢው።»

ያዝኩት። መዳቡ አልቦታል፤ ብርዱ እስከ ክርኔ ተሰማኝ።

«እንዴት ነው?»

«ቀዝቃዛ ነው።»

«ቀዝቃዛ ስንት?» አለኝ።

የእኔኑ ጥያቄ በእኔው ድምፅ ነበር ያለው። ባለፋርማሲዋ ሳቀች። ሦስተኛ ቴርሞሜትር አልነበረንምና ከቀጭኑ ላይ ፈትቼ ወፍራሙ ላይ አሰርኩት፤ ቁጥሩም ከእጄ ጋር ተስማማ፤ ጋዝ አልጎደለም። ባሌ የማሽኑን ክዳን ከፍቶ ፊልትሮዋን መዘዛት። የኮዬ ፈጬን መንገድ አቧራ በሙሉ ተሸክማ ነበር። ባለፋርማሲዋ ጓሮ ቧንቧ ላይ እኔ አጠብኳት፤ ውሃው ቡና መስሎ ወረደ። መልሰን ገጠምናት። ሲሊንደሩ ሳይከፈት ማሽኑ ክፍሉን ያቀዘቅዝ ጀመር።

ባለፋርማሲዋ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። የሚቀጥለው ደንበኛ ሲገባ «እኚህ ሰውዬ ሳይነኩ ነው የሚያውቁት» ስትለው ሰማናት። ወረቀት ግን የለንም፤ አሁንም የለንም። ሦስተኛውን ቴርሞሜትር ሰኞ ገዛን። ባለሱቁ ዋጋ አልቀነሰም፣ ለምን ሦስት እንደሆነ ግን እስኪነገረው አለቀቀንም። ባሌ ነገረው። ምሳ ላይ ፍሪጅ ጠጋኙም ያውቅ ነበር። አሁን «ከእሷ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ» እያለ ነው።

ያን ቅዳሜ ግን፣ ዕቃችንን ሰብስበን ከመውጣታችን በፊት፣ ባሌ ቱቦ የያዝኩበትን እጄን አየው። በውሃውም በመዳቡም ደንዝዞ ቀልቶ ነበር። በሁለት እጆቹ ጠቅልሎ ያዘው፣ ያን ሻይ እንደያዘው አድርጎ። ቅዝቃዜዬ ይሰማው እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እስኪሞቅልኝ ድረስ አልለቀቀኝም።