ሰው አልተገኘም

ሰፈርተኛው ፊት ለፊቱ «ጋሼ» ይለዋል፤ ዞር ሲል ደግሞ «ባሩድ»። በያጅ ነው። በትክክለኛ ስሙ የሚጠሩት ሚስቱና የመብራት ቢል ብቻ ናቸው።

ቅጽል ስሙ በከንቱ የወጣለት አይደለም። ገና ልጅ ሳለ በአንዲት ኳስ የተነሳ የታላቅ ወንድሙን ክንድ ሰብሯል። በጎረምሳነቱ ከሁለት ጋራዥ ተባሯል፤ ከአንደኛው አለቃውን በመፍቻ ስለመታ፣ ከሁለተኛው ደግሞ አለቃው ሊመታኝ ነው ብሎ ስለቀደመው። እጁ ከአፉ ይፈጥናል። ሚስቱንና ልጁን ግን አንድም ቀን ነክቶ አያውቅም። በዚህ በልቡ ይኮራ ነበር።

አንዲት ሴት ልጅ አለችው። ስድስት ዓመቷ እያለ ከእሱና ከእናቷ ጋር አስፋልት ስትሻገር፣ ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና ቀኝ እግሯን ከጉልበቷ በታች ጨፈለቀው። እናትየው የራሷን ሻሽ ፈታ የልጇን ጭን ጠፍንጋ አሰረች። ደሙን በሁለት እጇ ጨምቃ «ና ያዝልኝ!» እያለች ስትጣራ፣ እሱ ሹፌሩን ከጋቢና ጎትቶ አውርዶ ፊቱን ከአስፋልቱ ጋር ያላትም ነበር። ልጅቷን አንስቶ ሆስፒታል ያደረሳት የማያውቁት መንገደኛ ነው። ሹፌሩ አንድ ዓይኑ ጠፋ። ሰፈርተኛው «አባት ነው፣ ምን ያድርግ» ብሎ አለፈው። ሚስቱ ግን ያቺን ቀን በልቧ ይዛት ቆየች።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ በሰው ሠራሽ እግር መሄድ ለመደች። ችግሩ እሷ ታድጋለች፣ እግሩ አያድግም። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት አሮጌው እግር እየጠበበ የተቆረጠውን ጫፍ ይልጠው ጀመር። ማታ ማታ እናቷ ከእግሩ ሥር የምታጠልቀውን ካልሲ ስታወልቅላት ቆዳው አብሮ ይመጣል። ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ ትምህርት ቤት ስትመላለስ ሰነበተችና አንድ ሰኞ ጠዋት ከአልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ «ዛሬስ አልቻልኩም» አለች። በክራንች ያን ያህል መንገድ መሄድ ስለማትችል ከትምህርት ቤት ቀረች።

እግር የሚሠሩ ባለሙያዎች ያሉት የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቀት ላይ ነው። ሦስቱም ሄዱ። ባለሙያው በጀሶ ልኳን ወሰደና እግሩን በሦስት ሳምንት ውስጥ በፖስታ ቤት እንደሚልክላቸው ነገራቸው። አንድ ነገርም አጥብቆ አሳሰባቸው። ልጅቷ የምትመዘዝበት ዕድሜ ላይ ነች፤ እግሩ እንደደረሰ ማጥለቅ አለባት፤ ከዘገየ ልኩ ያልፍባታል።

በሦስተኛው ሳምንት በያጁ የግቢው በር ላይ የተሰካች ቢጫ ወረቀት አገኘ። «ጥቅል ይዘን መጥተን ሰው አልተገኘም» ትላለች። እሱ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ግቢ ውስጥ ያለው መሥሪያው ውስጥ የመስኮት ብረት ሲቆርጥ ነው የዋለው። ከነሥራ ልብሱ ፖስታ ቤት ሄደ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሴት ጥቅሉን ፖስተኛው ይዞት እንደሚዞር፣ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ተመልሶ እንደሚመጣ፣ ከቤት እንዳይጠፉ ነገረችው።

አልጠፋም። ሰው ቤት ሄዶ ሊገጥመው የነበረውን በር ለሌላ ቀን አስተላለፈ፤ የግቢውን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ብረት እንዳይሰረቅ በረጅም ሰንሰለት ያሰረውን ውሻ በሩ ሥር ትቶ፣ እየበየደ ጠበቀ። ከሰዓት በኋላ ውሃ ሊጠጣ ሲወጣ መንገዱ ዳር በድንጋይ የተጫነች ሌላ ቢጫ ወረቀት አየ። ሰው አልተገኘም። አንብቦ ሳቀ። ሚስቱ እንደምትለው ከቁጣው ይልቅ ያ ሳቅ ነው ያስፈራት። «አንተ ተቀመጥ፣ እኔ እሄዳለሁ» ብላ ሄዳ «አንድ ጊዜ ደግሞ ይሞክራል» የሚል ተስፋ ይዛ ተመለሰች።

ልጅቷ ወንበሯን መስኮቱ ሥር አድርጋ መንገዱን ስታይ መዋል ጀመረች። ሦስት ቀን ማንም ሳይመጣ አለፈ። በአራተኛው ቀን አባትየው ራሱ ፖስታ ቤት ሄደ። ሴትዮዋ መዝገቡን ገልጣ ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ሰው ስላልተገኘ ጥቅሉ በዛሬው መኪና ወደ ላኪው መመለሱን ነገረችው።

«ሦስተኛው መቼ ነው?» አላት።

«ትናንት ይላል።»

ትናንት ሦስቱም ቤት ነበሩ። ልጅቷ ለምሳ እንኳ ከመስኮቱ አልተነሳችም። በያጁ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሴትዮዋ በኋላ ለፖሊስ ስትናገር «አመስግኖኝ ነው የወጣው» ብላለች።

ፖስተኛው ሃምሳ ዓመት ያለፈው ቀጭን ሰው ነው። የሸራ ቦርሳውን ብስክሌቱ ላይ አንጠልጥሎ በየቀኑ አራት ሰዓት ገደማ በዳቦ ቤቱ ማዕዘን ያልፋል። ዳቦ ቤቱ ከበያጁ ቤት ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። በማግስቱ በያጁ ቀድሞት እዚያ ቆመ። ብስክሌቱን በመሪው ይዞ አስቆመውና ቤቱን ያውቀው እንደሆነ ጠየቀው። ፖስተኛው ሰውየውንም፣ በብየዳ እሳት የተበሳሳውን ልብሱንም አየ።

«እዚያ ግቢ እኮ...» ብሎ ጀመረ።

የጀመረውን የሚጨርስበት መንጋጋ አልቀረለትም። የመጀመሪያው ቡጢ አገጩ ላይ ሲያርፍ የተሰማውን ድምፅ ዳቦ ለመግዛት የተሰለፉት ሰዎች ደረቅ እንጨት የተሰበረ መስሏቸው ነበር። ብስክሌቱ ወደቀ፤ ደብዳቤው መንገዱ ላይ ተዘረገፈ። በያጁ ኮሌታውን ይዞ አነሳውና ደገመው፤ ሠለሰው። ፖስተኛው በእጁ ፊቱን ሲሸፍን ጎኑን በሥራ ጫማው ረገጠው። ሊገላግል የመጣውን ዳቦ ጋጋሪ በክርኑ አፍንጫውን ብሎ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲያ የሚጠጋ ሰው ጠፋ።

ማዕዘኑ ላይ ግንባታ ነበር። በያጁ ከተከመረው ፌሮ አንዱን ቁራጭ መዘዘ። በዚህ ጊዜ ድምፁ እንኳ ረጋ ብሎ ነበር ይላሉ የሰሙት።

«እግር ማጣት ምን እንደሆነ ላሳይህ» አለው።

የመጀመሪያው ምት ግራ ቅልጥሙን ሰበረው። በሁለተኛው አጥንቱ ቆዳውን በስቶ ወጣ። ፖስተኛው በተሰበረ መንጋጋው መጮህ አቅቶት እንደታፈነ እንስሳ ያጉረመርማል። ሦስተኛው ግን ያረፈው ክራንች ላይ ነው። ልጅቷ ከመስኮቱ አይታ፣ እናቷን እንኳ ሳትጠራ፣ በአንድ እግሯ እየነጠረች ደርሳ ክራንቿን በመሃል ዘርግታ ነበር። ክራንቹ ለሁለት ተሰበረና ልጅቷ በግንባሯ ደብዳቤዎቹ ላይ ወደቀች። ቅንድቧ ተፈንክቶ ደሟ በፊቷ ላይ ወረደ። አባቷ ፌሮውን እንዳነሳ ቆሞ ቀረ። ያኔ ነው ሰዉ ተረባርቦ የጣለው። የጣሉት ሰዎችም እጃቸውን አልሰበሰቡም፤ ፖሊስ እስኪደርስ ሁለት ጥርሱ ወልቆ ነበር።

ፍርድ ቤቱ ነገሩን የሰማው ከአራት ወር በኋላ ነው። ፖስተኛው በተሽከርካሪ ወንበር ገባ። መንጋጋው ተጣሞ ስለተጋጠመ ንግግሩ ይጎተታል። ዳኛው ቤቱን ለምን እንዳላንኳኳ ሲጠይቀው፣ የደህና እግሩን ሱሪ ወደ ላይ ሰበሰበ። ባቱ ላይ የውሻ ጥርስ የተከለው ጉድጓድ ጉድጓድ ጠባሳ አለ። ባለፈው ዓመት የውሃ ቢል ይዞ እዚያ ግቢ ሲገባ ውሻው ጥሎ ዘነጣጠለው፤ በያጁ ብረት እየቆረጠ ስለነበር ጩኸቱን የሰማ የለም። እየተሳበ ወጥቶ የእብድ ውሻ መርፌውን ተወጋ። ለአለቆቹ ቢያመለክት ለባለቤቱ እንጽፋለን አሉ እንጂ የጻፈ አልነበረም። የልጅቷን ጥቅል ይዞ በመጣበት በመጀመሪያው ቀን በሩን በድንጋይ ደበደበ፤ ከብረቱ ጩኸት በላይ አልሆነለትም። በሁለተኛው ቀን በሩ ተከፍቶ ውሻው በረጅም ሰንሰለት ሲጎማለል አየ።

«ሦስተኛውን ግን አልሄድኩም፣ ክቡር ዳኛ» አለ። «ፈራሁ። ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው የጻፍኩት። እሱ የኔ ጥፋት ነው።»

በያጁ አንገቱን ደፋ። ሰው ግቢው ውስጥ በውሻው ተነክሶ እንደወጣ ያን ቀን ነው የሰማው። ፖስተኛው ያን ማዕዘን ላይ ሊነግረው የጀመረው ይህንኑ እንደነበር ሲገባው ተነስቶ ፖስተኛውን ይቅርታ ጠየቀ። ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

እስር ቤት በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ እስረኛ ፍራሹን ወሰደበት። ልማድ ነውና ቀድሞ መታው። የሰውየው ጓደኞች ሦስት ሆነው መጡ። ሲሚንቶው ላይ ተኝቶ፣ ጎኑን እየረገጡት፣ ዓይኑ የሚያየው ጫማ ብቻ ነበር፤ ቡናማ ጫማ፣ ክሩ የተፈታ። ይበቃል የሚል ሰው እስኪመጣ ጊዜው ምን ያህል እንደሚረዝም ያን ቀን አወቀ። ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ እዚያ ግቢ ውስጥ በማንም ላይ እጁን አላነሳም፤ ፈርቶ ይሁን ገብቶት፣ እሱም ለይቶ መናገር አይችልም።

ጥቅሉን ሚስቱ ደብዳቤ ጽፋ፣ ለምና፣ እንደገና አስላከችው። ልጅቷ ጋ ሲደርስ ልኳ ከተወሰደ ስምንት ወር ሆኖታል። ሚስቱ ልትጠይቀው መጥታ በሽቦው ማዶ ቆመች።

«አልገባላትም» አለችው። «ሁለት ጣት ጠበባት። ብታየው ጥሩ እግር ነው።»

በዚህም አላበቃችም።

«ያኔ ሹፌሩን ስትይዝ ደሟን ብቻዬን ይዤ ነበር። አሁንም ፖስተኛውን ያዝክና እኔ ልጅቷን ታቅፌ ቀረሁ። ሦስተኛ ካለ እኔን አታገኘኝም።»

ውሻውንም ለሰው እንደሰጠችው በዚያው ነግራው ሄደች።

በያጁ ሲፈታ ልጅቷ ቁመቷ እናቷን አክሏል። አልሸሸችውም፤ ግን ድንገት እጁን ካነሳ፣ ጭንቅላቱን ለማከክም ቢሆን፣ ትከሻዋ ይሸማቀቃል። ስለዚህ እቤት ሲሆን እጁን ኪሱ ከቶ መቀመጥ ለመደ። ከመውጣቱ በፊት እናትና ልጅ ሄደው አዲስ ልክ አስወስደው ነበር። ጥቅሉ መጥቶ ፖስታ ቤት መቀመጡ ሲነገራቸው ሚስቱ መጥሪያውን አውጥታ እጁ ላይ አኖረችው።

«አንተ ሂድ» አለችው።

መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት አወቀችው። ወረቀቱን ተቀብላ ወደ ኋላ ክፍል ተጣራች። ጥቅሉን በብብቱ ይዞ፣ በከዘራ እያነከሰ የወጣው ራሱ ፖስተኛው ነው። እግሩ መንገድ አልችል ስላለው ጥቅል መለየት ላይ አዛውረውታል። በያጁን ሲያየው ቆመ። ቢሆንም ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ ቀርቦ ጥቅሉን ባንኮው ላይ አኖረውና መዝገቡን ገፋለት።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ...» አለ በያጁ፤ ሌላም ሊጨምር ነበር።

«ይቅርታህን ፍርድ ቤት ሰምቼዋለሁ» አለ ፖስተኛው በተጣመመ አፉ። «እዚህ የሚፈለገው ፊርማ ነው።»

ፈረመ። ፖስተኛው ፊርማውን ከመታወቂያው ጋር አስተያየ፣ ማኅተም መታበት፣ መዝገቡን ዘጋ። በያጁ ጥቅሉን በሁለት እጁ ታቅፎ በእግሩ ወደ ቤት ሄደ፤ ታክሲ ውስጥ ሰው እንዳይደገፍበት ብሎ ነው።

ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። ካርቶኑን ራሷ ቀደደች። እግሩን አገላብጣ እያየች ማን እንደሰጠው ጠየቀችው። ነገራት። እጇ ሥራውን አቆመ።

«አልመታኸውም አይደል?»

«አልመታሁትም።»

ፊቱን ትንሽ መረመረችው። ከዚያ ካልሲውን አጠለቀች፣ እግሩን ገፋ ገፋ አድርጋ አስገባች፣ ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገች። አባቷ ሊደግፋት ከኪሱ እጁን ሲያወጣ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። የደረጃውን ብረት ይዛ ተነሳች።

«ገለል በልልኝ» አለችው፤ እሱም ገለል አለላት።