ሽማግሌ ወደ ሶለንቱና

በአውሮፓ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ሲጀምሩ፣ ስዊድን አገር ሄሰልቢ በምትባል ሰፈር ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ እረዳ ነበር። ከሁሉም የምወዳቸው አንድ ነጭናጫ አዛውንት ነበሩ፤ ጉልበታቸው ከድቷቸው ከወንበር ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ነው ኑሯቸው። በወጣትነታቸው የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነበሩ። ያውም ለደመወዝ ብለው ባሕር ከተሻገሩት የመጀመሪያዎቹ ስዊድናውያን አንዱ።

እሳቸው እንደሚሉት፣ ያኔ እዚህ አገር ሆኪ የሚጫወት ሰው ቀን ፋብሪካ ውሎ ማታ በረዶ ላይ የሚወጣ ነው። ለጨዋታ ደመወዝ መቀበል ነውር ነበር። እሳቸው ግን ከአሜሪካ ጥሪ ሲመጣ ፈረሙ። ሁለት ክረምት እዚያ ቆዩ፣ አብዛኛውን አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው። ሲገቡም "ፈሪው ስዊድናዊ" እየተባሉ በክርን ይደቆሳሉ፤ የፊት ጥርሳቸውን እዚያው ጥለው ተመለሱ። እዚህ ሲደርሱ ደግሞ ገንዘብ የተቀበለ ሰው በብሔራዊ ቡድን አይሰለፍም ተባሉ። ጓደኞቻቸው ለአገራቸው ሲጫወቱ እሳቸው መጋዘን ውስጥ ሣጥን እየደረደሩ በሬዲዮ ሰሙ። ይህን ሁሉ እየሳቁ ነበር የሚያወሩኝ።

የማይስቁት ስለ አንድ ሰው ሲያወሩ ብቻ ነው። ሦስት ክረምት እሳቸው በግራ እሱ በቀኝ ሆነው አብረው ተሰልፈዋል። ሊሄዱ ሲሉ ይኸው ጓደኛቸው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ፣ ቡድኑ ሁሉ እየሰማ፣ "ለገንዘብ ሸጥከን" ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ሰውዬው ሶለንቱና ነው የሚኖረው፣ እዚሁ በባቡር። "ይጠላኛል፤ ስሜ ሲነሳ ደሙ ይፈላል" ይሉኛል ባገኙኝ ቁጥር። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ፣ ከእኔ በቀር በራቸውን የሚያንኳኳ የለ።

እኔም ከሥራ ስወጣ ቴንስታ ወዳለችው ባዶ ክፍሌ ነበር የምገባው። ሚስቴ አዲስ አበባ ሆና የመኖሪያ ፈቃድ ትጠብቃለች። ቅዳሜና እሑድ ድምፄን የምሰማው ከራሴ ጋር ሳወራ ነው፤ ብቸኝነቱ አንገፍግፎኝ ነበር። ለዚህ ይሆናል የሰው ጉዳይ ውስጥ ዘው ያልኩት።

"አርባ ዓመት ተኳርፎ መኖር ምን የሚሉት ነገር ነው?" አልኳቸው። "እኛ አገር እንዲህ ሲሆን ሽማግሌ ይላካል።"

"አያስገባችሁም" አሉ። በማግስቱ ግን ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ "መቼ ነው የምትሄዱት?" ብለው ጠየቁኝ።

ከቤተ ክርስቲያናችን ሁለት የተከበሩ አባቶች ይዤ እሑድ ከሰዓት ሄድን። ሦስታችንም ሙሉ ልብስ በከረባት። በሩን የከፈተው ፊቱ የፈካ ረጅም ሰውዬ ገና ሲያየን ሰባኪዎች መስለነው፣ "አመሰግናለሁ፣ እኛ ቤት ሃይማኖት አንፈልግም" ብሎ ዘጋብን።

አፍሬ "በቃ እንሂድ" አልኩ።

"ሽማግሌ በአንድ እምቢታ ይመለሳል እንዴ ልጄ?" አሉ ታላቁ አባት። "ባቡሩ እንደሆነ እስከ ማታ አለ። እንቆማለን።"

ቆምን። በረዶው ትከሻችን ላይ ተጠራቀመ። ሰውዬው በመስኮት አየን፣ ሚስቱም አየችን፣ ኋላ በሩ ተከፈተ። ግቡ፣ ተቀመጡ ተባልን። ታላቁ አባት "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉና እኔ ተረጎምኩ። ምንጣፉ ላይ ውሃ እያንጠባጠብን፣ እንደቆምን፣ የመጣንበትን ተናገርን።

ሰውዬው ግንባሩን ቋጥሮ የአዛውንቴን ስም አስደገመኝ።

"አዎ፣ አዎ… በግራ በኩል ይጫወት የነበረው። ካናዳ ነው አይደል የሄደው?"

"አሜሪካ" አልኩት። "ተጣልታችሁ ነበር እኮ።"

"እኛ? አይመስለኝም።" በደግነት ነበር የሚናገረው። "ከእኔ ጋር ብዙ ሰው ተሰልፏል፣ ልጆች ሆነን ብዙ ነገር ተባብለናል። በሕይወት አለ ማለት ነው? በል፣ ሰላም በልልኝ።"

ስተረጉምላቸው የታላቁ አባት ፊት በራ። "ተመስገን! ቂም የለም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቀላል ዕርቅ አጋጥሞኝ አያውቅም" አሉና ተቀመጡ። እኔ መቀመጥ አቃተኝ።

ሰኞ ጠዋት ስደርስ አዛውንቴ ተላጭተው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ይጠብቁኝ ነበር።

"አስገባችሁ?"

"አስገባን።"

"እና? ስሜን ስትጠራ ምን አለ?"

መንገድ ላይ ሳለሁ "ሰላም ብሎዎታል" ልላቸው ነበር ያሰብኩት፣ እውነትም ነው። ቀና ብለው አፌን አፌን ሲያዩኝ ግን ተውኩት። እኒህ ሰው በዚህ ዓለም ላይ የሚያስባቸው አንድ ሰው ቢኖራቸው ይኸው ጠላታቸው ነበር። እሱንም ልውሰድባቸው?

"ቱግ አለ" አልኳቸው። "ስምዎን እንድንጨርስ እንኳ አልፈቀደልንም።"

ቀስ ብለው ወደ ኋላ ተደገፉ። ካወቅኳቸው ጀምሮ እንዲያ ረክተው አይቻቸው አላውቅም።

"አላልኩህም?" አሉ። "እሱ አይረሳኝም።"